ሰዓቱን ራቤል ሳለች ንገሯት

በግሼ ወረዳ ከተማ በራቤል ሠራተኛ የሚፈለገው በሰው በሰው ነው። ለአክስት ይነገራል፤ ከቅዳሴ መልስ ለጎረቤት ጠቆም ይደረጋል፤ ገበያ የወጣ ዘመድ «የእገሊት ልጅ ደርሳለች» ብሎ ያስታውሳል። ወደ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚወርዱ ልጆች ብዙዎቹ በዚሁ ሰንሰለት ይሄዳሉ። ደመወዙ ቀድሞ ይነገራል፤ የቤቱ ባለቤት ደግነትም ይነገራል፤ የሥራው ሰዓት ግን መንገድ ላይ ይጠፋል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጸሐፊው ከብዙ አፍ የሰማውን ያከፋፈለባቸው ናቸው። አንዷ በራቤል ትንሽ ምግብ ቤት ያላት፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ናት። ሌላው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠርተው፣ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆነው፣ በጡረታ ወደ አገራቸው የገቡ አጎቷ ናቸው። ጸሐፊው ለማን እንደሚያደላ አይደብቅም፤ ሴትዮዋ ግን ከጠበቀው በላይ አስቸግራዋለች።

ባለሆቴሏ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ያምራልና አንዲት ማስታወቂያ ይጻፉልኝ። አንዷን በሬ ላይ፣ ሌላዋን መናኸሪያው ጋ እለጥፋለሁ።

ጡረተኛው፦ ምን ትበል?

ባለሆቴሏ፦ «ሴት አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ታታሪ፣ በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምትችል፣ አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የምትችል። ደመወዝ በስምምነት።» በቃ።

ጡረተኛው፦ ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት ትወጣለች?

ባለሆቴሏ፦ እሱ ስትመጣ ይነገራታል።

ጡረተኛው፦ ማን ይነግራታል?

ባለሆቴሏ፦ ሥራ ስትጀምር ታየው የለ!

ጡረተኛው፦ እንግዲያው አይነገራትም፤ ይደርስባታል። እስቲ ለእኔ ንገሪኝ።

ባለሆቴሏ፦ መንገደኛ ሻይ የሚለው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ መኪናው ከመውጣቱ በፊት። ውርጩን ያውቁት የለ፣ ሰዉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚጠጣው። ማታ ደግሞ መምህራኑና የወረዳ ሠራተኞቹ ራት በልተው እስኪወጡ፣ ዕቃው ታጥቦ ቤቱ እስኪጠረግ 3 ሰዓት ይሆናል።

ጡረተኛው፦ ከ11 እስከ 3። 16 ሰዓት።

ባለሆቴሏ፦ እንዲህ ቆጥረው ሲያስቀምጡት ያስደነግጣል። በመሃል እኮ ባዶ ነው። ከረፋዱ እስከ ምሳ ማንም የለ፤ ከምሳ በኋላም እስከ ማምሻው እንዲሁ። ተቀምጣ ፀጉሯን ትጎነጎናለች።

ጡረተኛው፦ ያኔ ሰው ቢገባ?

ባለሆቴሏ፦ ትነሣለቻ።

ጡረተኛው፦ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ብትልሽ ትለቂያታለሽ? እናቷን ጠይቃ ብትመጣስ?

ባለሆቴሏ፦ ድንገት ደንበኛ ከመጣ ማን ያስተናግድልኛል?

ጡረተኛው፦ እንግዲህ ያ ጊዜ ያንቺ ነው ማለት ነው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የሥራ ሰዓት የሚለው እጅ የሚንቀሳቀስበትን ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ለሥራ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅበትንም ጊዜ ጨምሮ ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48። አንቺ ዕረፍት ቀን ካልሰጠሻት 16 ጊዜ 7፣ 112 ይሆናል።

ባለሆቴሏ፦ ኦቨርታይም እከፍላታለኋ።

ጡረተኛው፦ ኦቨርታይም የአጋጣሚ ነው። አደጋ ሲደርስ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲገጥም፣ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት። ያንቺ መንገደኛ ግን በየሌሊቱ የሚመጣ ነው። ደግሞም ልክ አለው። የድሮው አዋጅ 377/1996 በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት አይለፍ ይል ነበር። አዲሱ በቀን 4፣ በሳምንት 12 አደረገው፤ የዓመቱን ገደብ ግን ተወው። ሳምንቱን በ52 አባዢው፣ 624 ይመጣል። ከ100 ወደ 624! ክፍያውን ከፍ አድርገዋል፤ ለቀኑ አንድ ከሩብ የነበረው አንድ ተኩል፣ ለሌሊቱ አንድ ተኩል የነበረው አንድ ከሦስት ሩብ ሆነ። በበዓል ሁለት ተኩል። እኔ እንደ ማኅበር ሰው ብሩን አመሰግናለሁ፤ ሰዓቱ ግን ቅር ብሎኛል። የደከመ ሰው በብር አይነቃም። በዚህ ሁሉ ላይ 12ን ከ48 ጋር ብትደምሪው 60 ነው። ያንቺ 112 ደግሞ በየትኛውም መዝገብ የለም።

ባለሆቴሏ፦ ጋሼ፣ እናቴን፣ እኅትዎን፣ ያውቋት ነበር። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ገብስ ትቆላለች፣ ትፈጫለች፣ ውኃ ትወርዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ ማታ ደግሞ ሱፍ ስትፈትል ታመሻለች። የመንዝና የግሼ ሴት መቼ ሰዓት ቆጥራ ታውቃለች? ለእናቴ ያልተቆጠረው ለቀጠርኳት ልጅ ለምን ይቆጠራል?

ጡረተኛው፦ የእናትሽን ሳስብ እኔም ያመኛል። ግን ያ ሁሉ ልፋት የገዛ ቤቷ ነበር፤ የፈተለችውን ሱፍ ባና አሠርታ ልጆቿን አለበሰችበት። ሚካኤል ሲሆን፣ ማርያም ስትሆን ደግሞ እጇን ታጥፋለች። ወርኃዊ በዓላቱ፣ ቅዳሜና እሑዱ ተደምረው የሷ ዕረፍት ነበሩ። ያንቺ ቤት በ21 ማርያም ይዘጋል?

ባለሆቴሏ፦ በ21 ማርያም የሚበላው ሰው እንዲያውም ይብሳል።

ጡረተኛው፦ አየሽ።

ባለሆቴሏ፦ «አየሽ» አይበሉኝ፤ የበዓሉ ዕረፍት ለወንዱ ነበር። እርሻ ይቆማል እንጂ ወጥ መሥራት መቼ ቆሞ ያውቃል? ጠበል ጠዲቁን ማን ያቀርበዋል? እናቴ በበዓል ቀን የባሰ ነው የምትደክመው።

(ሽማግሌው ለዚህ ወዲያው መልስ አላገኙም። ጸሐፊውም አላገኘላቸውም።)

ጡረተኛው፦ ... ይሁን፤ የረታሽኝ ይመስለኛል። ግን ሌላ ነገር ላንሣልሽ። እረኛ ሲቀጠር አይተሻል?

ባለሆቴሏ፦ ልጅ ሆኜ።

ጡረተኛው፦ እኔ አይቻለሁ። አባትየው ልጁን ይዞ ይመጣል። ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል። ቅጥሩ ከመስከረም እስከ መስከረም ነው። ስንት ቁና ገብስ፣ ምን ልብስ፣ ዓመቱ ሲሞላ የበግ ጠቦት አለው ወይስ የለውም፣ ይባላል። ከዚያ ነው ዋናው የሚመጣው። አባትየው ይጠይቃል፦ ከብቱንም በጉንም ነው የሚጠብቀው ወይስ በጉን ብቻ? ውኃ ይቀዳል? ሌሊት ከበረት ነው የሚያድር ከቤት? በጥምቀት ማን ይተካዋል? እናቱን ለማየት በዓመት ስንት ጊዜ ይለቀቃል? ሰዓት በእጁ ያሠረ ሰው አልነበረም፤ ግን የልጁ ቀን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሁሉም ሰምቶ ነበር የሚለያዩት። ዋስ ነበረ፤ ዋሱ ደግሞ የሁለቱም ነበር። ጌትዮው ካጎደለ ዋሱ ይወቀሳል።

ባለሆቴሏ፦ ያ እረኛ አልተገረፈም? በግ ቀበሮ ሲበላበት ከደመወዙ አልተቆረጠም? ትምህርት ቤት ገባ?

ጡረተኛው፦ ተገርፏል። ብዙዎቹ አልተማሩም።

ባለሆቴሏ፦ ታዲያ መንገር ምን አተረፈለት?

ጡረተኛው፦ አባትየው ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር። ልጁን እንደያዘ፣ የመጣበት መንገድ ግማሽ ቀን የማይሞላ፣ «እንዲህማ ከሆነ ልጄ ይቅርብኝ» ብሎ መነሣት። መንገር የሚረዳው እግር ገና ነፃ ሳለ ነው። አንቺ አዲስ አበባ ስትሄጂ ሰዓቱን መቼ ሰማሽው?

ባለሆቴሏ፦ መቼም አልሰማሁትም። ዘመድ ናት የወሰደችኝ። «ቀን ልጅ ትይዣለሽ፣ የማታ ትምህርት ትማሪያለሽ» አለችኝ። እናቴ ትምህርት የሚለውን ስትሰማ መርቃ ላከችኝ። የማታ ትምህርት የሚጀምረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ የዚያ ቤት ራትም የሚሠራው ያኔ ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ ትምህርቱ ያልፋል። ማንም አትማሪም አላለኝም እኮ! ተመዝግቤ ነበር፤ ደብተሩም ተገዝቶ ነበር። ሰዓቱ ነው የበላው።

ጡረተኛው፦ ከዚያ ተመልሰሽ አትመጪም?

ባለሆቴሏ፦ በምን ብር? ከአዲስ አበባ በመሐል ሜዳ አድርጎ እዚህ ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ «ለትራንስፖርትሽ ያወጣሁት» ተብሎ ተቆረጠ። ደግሞስ ምን ብዬ እመለሳለሁ? «ሥራ በዛብኝ» ብዬ? እናቴ ሥራ በዛብኝ የሚል ቃል አታውቅ። ሰፈሩስ ምን ይላል፤ «ሰነፍ ሆና ተመለሰች»። ከዚያ ቤት የወጣሁት በደላላ ነው። ደላላው ደግሞ «ሁለት ሰው ያለበት ቀላል ቤት» ይላል፤ ሲገቡ ሁለት ሰውና አምስት ልጅ ነው።

ጡረተኛው፦ ደላላ ምን ጨነቀው? ኮሚሽኑ የሚመጣው ስትገቢ ነው፤ ለመቆየትሽ አይከፈለው። ቶሎ ከወጣሽ እንዲያውም ሁለተኛ ያስገባሻል፣ ሁለተኛ ይቀበላል። እውነቱን ቢናገር የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚህም የሚያወጣሽ የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍናትም። የእሷ ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታይ ተብሎ ነው የታለፈው። ከዚያ ውጭ ያሏት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

ባለሆቴሏ፦ ሳዑዲ ግን ተነግሮኛል፤ ልንገርዎት? እዚያ እንኳ ሕግ ነበራቸው። በፈረንጅ 2013 ያወጡት ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ9 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ይኑራት ይላል። ከእኛ ውስጥ አንዷ አንብባ ስትነግረን ተደሰትን። 9 ሰዓት ዕረፍት! ማታ ተኝቼ ሳስበው ነው የገባኝ። ከ24 ላይ 9 ሲነሣ 15 ይቀራል። 15 ሰዓት ሥራ ነው በዕረፍት ስም የተነገረኝ።

ጡረተኛው፦ ኋላ ግን አሻሽለውታል፤ የሥራው ሰዓት ወደ 10 ወርዷል። ኳታርም እንዲሁ በ2017፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሥራ ብላለች።

ባለሆቴሏ፦ እሰየው። ጥያቄዬን ግን አይሽሹብኝ። 15 ሰዓት በግልጽ ተጽፎ ቢሰጠኝ፣ እኔም ፈርሜ ብሄድ፣ ልክ ይሆናል? መንገር ብቻውን ያጸድቃል? የአገራችን ሐኪሞችስ ዲዩቲ ማለት ሌሊቱን ቆሞ ማደር መሆኑን ገና ተማሪ ሳሉ አያውቁም? ታዲያ በእኛ 2017 ግንቦት ለምን ሥራ አቆሙ?

ጡረተኛው፦ ሐኪሞቹ ሰዓቱን ያውቁታል፤ የሚከፈላቸው ግን ከሰዓቱ ጋር ስላልተገናኘ ነው። ላንቺው ጥያቄ፦ አያጸድቅም። ሕግ የሚከለክለውን ሰዓት በግልጽ ብነግርሽ በግልጽ አጠፋሁ ማለት ነው። እኔ መንገር የመጨረሻው ነው አላልኩም። ግን የተነገረ ሰዓት ሰው ይከራከርበታል። «15? ለምን? በስንት?» ይባላል። ያልተነገረውን ማን ይከራከረዋል? ፋብሪካ ሳለን ድርድር የምንገባው በጽሑፍ ያለ ነገር ይዘን ነበር። ባለቤቱ «እንደ ሁኔታው» ብሎ ያለፈው ነገር ላይ አንድም ቀን ረትተን አናውቅም።

ባለሆቴሏ፦ ሕጉ አያስገድድም እንዴ? ውል ላይ ይጻፍ አይልም?

ጡረተኛው፦ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አዋጁ ውል የሚይዘውን ሲዘረዝር የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ የደመወዙን ልክ፣ ስሌቱንና አከፋፈሉን፣ ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ ይጠራል። የቀኑን ሰዓት በስሙ አይጠራውም። ገደቡ በሌላ አንቀጽ ስላለ ይበቃል ብለው ይሆናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ይስጥ ይላል። በ15 ቀን! ልጅቱ ያኔ አዲስ አበባ ገብታ፣ ትራንስፖርቷ ተቆርጦባት፣ ፍራሿ መደርደሪያ ሥር ተነጥፎ ነው ወረቀቱ የሚመጣው። ሥልጡን የሚባሉትም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይርቁም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጅ 2019 ባወጣው መመሪያ የሥራ ሰዓቱ በጽሑፍ ይገለጽ፣ ሥራ በተጀመረ በ7 ቀን ውስጥ፣ ነው የሚለው። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ነበር። 7 ቀን ብራስልስ ላለ ሰው በቂ ይሆናል፤ ካልተስማማው በትራም ቤቱ ይገባል። ለራቤል ልጅ 7 ቀንም አንድ ቀንም አንድ ነው። ከመኪናው ከተሳፈረች ወዲያ የሚነገራት ሁሉ ዘግይቷል።

ባለሆቴሏ፦ አሁንማ ይብሳል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነው። ልመለስ ያለች ሁሉ መች ትመለሳለች።

ጡረተኛው፦ ስለዚህ እኔ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ቢኖረኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር የምጨምረው፦ ሰዓቱ ልጅቱ ከቤቷ ሳትነሣ ይነገር። እናቷ ባለችበት። ወሳጇ ዘመድ ብትሆንም፣ ደላላ ቢሆንም፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመለምል የወረዳ ሠራተኛ ቢሆንም።

ባለሆቴሏ፦ የፓርኩን ካነሡማ፣ ሐዋሳ የገቡት ልጆች በጅምላ ነው አሉ ጥለው የወጡት።

ጡረተኛው፦ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በፈረንጅ 2019 ያጠኑት ነው። መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ለውጠዋል። ሠራተኛ አምጥቶ፣ አሠልጥኖ፣ ማሽን አስለምዶ፣ ሲለምድ ያጡታል። ለቅጥር ሲባል ያልተነገረው ነገር ኋላ በሥልጠና ወጪ ይከፈላል።

ባለሆቴሏ፦ እዚያ የወጡት ደመወዙ ስለማያኖራቸው ነው እንጂ ሰዓት ስላልተነገራቸው ነው? አያደባልቁብኝ።

ጡረተኛው፦ ዋናው ደመወዙ ነው፤ እውነትሽን ነው። ግን 26 ዶላሩ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ ሳታውቂ ብዙ ይሁን ትንሽ በምን ትለኪዋለሽ? አንቺ ለዚህች ልጅ የምትከፍያትን በ112 አካፍለሽ ታውቂያለሽ?

ባለሆቴሏ፦ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ጡረተኛው፦ እሷ ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ታካፍለዋለች። ትምህርት ቤት ያልፈጸመችም ብትሆን ታካፍለዋለች። ባለፈው የነበረችው ለምን ሄደች?

ባለሆቴሏ፦ «እናቴ ታማለች» አለች።

ጡረተኛው፦ ከእሷ በፊት የነበረችውስ?

ባለሆቴሏ፦ የእሷም እናት ታማ ነበር።

(ባለሆቴሏ እዚህ ላይ ራሷ ሳቀች።)

ጡረተኛው፦ እናቶቻቸው ደኅና ናቸው። እውነቱን ላንቺ የሚናገሩበት ቋንቋ አጥተው ነው፤ አንቺም ስትቀጥሪ እውነቱን አልነገርሻቸውማ። ለመሆኑ አሁን ያየሻት ልጅ ማን ናት?

ባለሆቴሏ፦ ከታች ቀበሌ ናት፤ ጨዋ ልጅ። ዘንድሮ 16 ይሆናታል።

ጡረተኛው፦ 16?

ባለሆቴሏ፦ ምነው፣ 15 ከሞላት ይፈቀዳል አይደል?

ጡረተኛው፦ መቅጠር ይፈቀዳል። ከ15 እስከ 18 ያለች ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ ኦቨርታይም የላትም፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አትሠራም። ያቺ የ11 ሰዓቷ ሻይሽ በሕጉ ሌሊት ናት። ለእሷ ሰዓቱን ብትነግሪያትም፣ እናቷ እሺ ብትልም፣ ዋስ ብትጠሪም አይሆንም። ቅድም «መንገር ያጸድቃል ወይ» ያልሽው እዚህ ላይ ነው መልሱ ያለው።

ባለሆቴሏ፦ ታዲያ ሥራ ስጡን እያሉ በየበሩ የሚሄዱት ሁሉ በዚህ ዕድሜ ያሉ ናቸው። እኔ ብመልሳት ቤቷ አትቀመጥም፤ ቀጥታ አዲስ አበባ ናት። ደላላው ዕድሜዋን ይጠይቃታል ብለው ነው?

ጡረተኛው፦ አይጠይቃትም።

ባለሆቴሏ፦ እኔ ጋ ብትሆን እኮ እናቷን በየሳምንቱ ታያለች።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው ለሷ በሚሆን ሰዓት ቅጠሪያት። ከንጋቱ 12 በኋላ ትምጣ፤ ከ7 ሰዓት በላይ አታቆዪያት። ግማሽ ቀን ትምህርቷን ትማር። የሌሊቱን ደግሞ 18 የሞላት ትያዘው።

ባለሆቴሏ፦ ሁለት ሰው ማለት ነው! ጋሼ፣ እኔ የፋብሪካ ባለቤት አይደለሁም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ሽሮና ምስር ሸጬ ነው የማሳልፈው። ከፋሲካ በኋላ ይሞቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ይጨቀይና መንገደኛው ይቀንሳል። ገበያው አንድ ዓይነት ያልሆነ ሥራ ላይ ሰዓት ጻፊ ይሉኛል። የቱን ሰዓት ልጻፍ?

ጡረተኛው፦ አሁን የነገርሽኝን ጻፊዋ! በጾም ሥራ ይቀላል፣ ቀድማ ትወጣለች። በገበያ ቀን ይበዛል፣ ታመሻለች፣ ይከፈላታል። ልጅቱ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ጾምና ገበያ ከእኔና ካንቺ ይልቅ ታውቃለች። የሚለዋወጥ ሥራ ነው ማለት ከመናገር አያድንም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው መነገር ያለበት መለዋወጡ ነው።

ባለሆቴሏ፦ ከተናገርኩ ግን ማንም አይመጣም። ጎረቤቴ ያለው ባለሆቴል «ደመወዝ በስምምነት» ብሎ ይለጥፋል፤ እኔ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብዬ ስለጥፍ ሁሉም እሱ ጋ ነው የሚሄደው።

ጡረተኛው፦ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ወር ሳይሞላቸው ወዳንቺ ይመጣሉ፤ ራቤል ትንሽ ናት፣ ቡና ላይ ሁሉም ይወራል። ግን በዚህ አላባብልሽም። መጀመሪያ ትቸገሪ ይሆናል።

ባለሆቴሏ፦ ይሄ እውነት ነው። በዚህ ከጀመሩልኝ እሰማለሁ።

ጡረተኛው፦ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተያዥ አምጪ ትያታለሽ። ብርጭቆ ብትሰብር፣ ብር ብትጎድልብሽ ተያዧ ይጠየቃል። ላንቺስ ተያዥሽ ማን ነው? ከተነገራት ሰዓት በላይ ብታቆዪያት፣ ደመወዟን ብትቆርጪባት ማንን ትይዛለች? ድሮ የእረኛው ዋስ የሁለቱም ነበር አልኩሽ።

ባለሆቴሏ፦ እርስዎ ይሁኑኛ።

ጡረተኛው፦ እኔ?

ባለሆቴሏ፦ እርስዎ። ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ስምዎንም ከሥሩ ያኑሩ። ሳጎድል ልጅቱ እርስዎ ዘንድ ትምጣ። ያን ጊዜ ስለ አዋጅ 1156 ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይነግሩታል።

(ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም ነበር። ሰው ሲመክር ዋስ ሁን የሚለው የለም።)

ጡረተኛው፦ ... እሺ። ግን ካጎደልሽ አልሸፍንሽም።

ባለሆቴሏ፦ እንዲሸፍኑኝ አልጠየቅሁም። ይጻፉ። የሌሊቷ ከ11 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት። የቀኗ ከ7 እስከ ምሽቱ 3።

ጡረተኛው፦ ስምንት ስምንት ሰዓት። እኩል ለሁለት ተከፈለ። ያቺ የ16 ዓመቷ ግን የቀኑን ብትይዝም አንድ ሰዓት ይበዛባታል፤ ለሷ ከ7 እስከ 2።

ባለሆቴሏ፦ የመጨረሻዋን ሰዓት እኔ እይዛለሁ። ዕቃውን አጥባለሁ።

ጡረተኛው፦ የዕረፍት ቀንስ? በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ነው።

ባለሆቴሏ፦ እሑድ አይሆንልኝም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ቁርሱን የሚበላው እኔ ጋ ነው።

ጡረተኛው፦ ሆቴል ስለሆነ ሌላ ቀን መሆን ይችላል፤ ለይተሽ ንገሪ እንጂ። ለሌሊቷ ሰኞ፣ ለቀኗ ማክሰኞ። እሑድ ደግሞ የሌሊቷ ቅዳሴ ታስቀድስ፤ እስክትመጣ አንቺ ያዢው።

ባለሆቴሏ፦ ለእኔስ ዕረፍት የሚጽፍልኝ ማን ነው?

ጡረተኛው፦ አንቺ ባለቤት ነሽ።

ባለሆቴሏ፦ እናቴም ባለቤት ነበረች።

ጡረተኛው፦ ... ቀጥይ። ደመወዙን ስንት ልበል?

ባለሆቴሏ፦ እሱን ተዉት፤ ለሁለት ሰው ስንት እንደምችል ማታ ልቁጠረው። ከፋሲካ በፊት ከሆነ እንዲህ፣ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ እንዲህ ብዬ ነገ እነግርዎታለሁ።

ጡረተኛው፦ ሳይጻፍ አይለጠፍም።

ባለሆቴሏ፦ አልለጥፈውም አልኩ? ነገ አልኩ እንጂ። ይልቅ ከላይ ያለውን ያስተካክሉ፤ «አስተናጋጅ» ብለው አንድ ነው የጻፉት። ሁለት ይበሉት።